ቴሌቪዥኑን ማን ቀድሞ ያዘው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኅዳር ሲገባ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩ ይቀየራል። ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ስትጠይቁን የከረማችሁ ስለ ቅናሽ መጠየቅ ትጀምራላችሁ፤ ብላክ ፍራይዴይ፣ አሜሪካኖች ታንክስጊቪንግ የሚሉትን የሐሙስ ምስጋና በዓል ባከበሩ ማግስት የሚመጣው የቅናሽ አርብ፣ ደርሷልና። ዘንድሮ ግን "የቱ ሱቅ ይሻላል?" ያለን ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው የጻፈልን ስለ ሰዉ ነው፤ ስለ ግፊያው፣ ስለ ሽሚያው፣ ወረፋ ላይ ስለሚነሳው ጠብ። እኔም በዚህ ጉዳይ የምለው ስላለኝ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

"የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ለብላክ ፍራይዴይ ከጓደኞቹ ጋር ሌሊት ወጥቶ ሱቅ በር ላይ ሊሰለፍ ነው። አባቱ 'ተወው፣ ይልመድ' ይላል። እኔ ደግሞ በስልክ የሚዞረውን ቪዲዮ አይቻለሁ። ሰው በሰው ላይ እየወጣ ነው ቴሌቪዥን የሚያነሳው። እነዚህ ሰዎች እኮ ጠግበው የሚያድሩ ናቸው። ማታ የበዓሉን ተርኪ ሥጋ በልተው፣ አምላካቸውን አመስግነው፣ በማግስቱ ለዕቃ ይደባደባሉ። ምን ነክቷቸው ነው? ልጄንስ ልልቀቀው?"

እህቴ፣ ወደ ልጅዎ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። መጀመሪያ "ምን ነክቷቸው ነው?" ያሉትን ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው መልሱን የሚያውቀው ይመስለዋል። "ስግብግብ ናቸው" ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። እኔ በዚህ አልስማማም።

አንድ የቆየ ሙከራ አለ፣ በ1975 የታተመ (እዚህ ገጽ ላይ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስቴፈን ዎርሼል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሰዎችን ብስኩት አስቀመሱ። ለአንዳንዱ የተሰጠው 10 ብስኩት ካለበት ዕቃ ነው፤ ለሌላው 2 ብቻ ከቀረበት። ብስኩቱ አንድ ዓይነት ነው። ከሁለቱ የቀመሱት ግን የበለጠ ፈለጉት፣ ዋጋውንም ከፍ አድርገው ገመቱ። ከሁሉም በላይ ተፈላጊ የሆነው ደግሞ መጀመሪያ 10 ሆኖ ቀርቦ፣ ሌሎች ሰዎች ስለፈለጉት ተነሥቶ ወደ 2 የወረደው ነው። ጣዕሙን ሲጠየቁ ግን ይበልጣል አላሉም። ያው ብስኩት ነው፤ ሌላ ሰው ስለፈለገው ነው ዓይናቸው የገባው።

ይህንን አሁን ሱቅ በር ላይ ያምጡት። ማስታወቂያው ላይ ቴሌቪዥኑ በግማሽ ዋጋ ተሥሏል። ታች ጥግ ላይ፣ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ በእያንዳንዱ ሱቅ ቢያንስ እንዲህ ያህል ብቻ እንዳለ ተጽፏል፤ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሁለት። ውጭ የቆመው ሰው በመቶ የሚቆጠር ነው። ስንት ዕቃ እንዳለ ሱቁ ያውቃል። ሰዉ አያውቅም። እያንዳንዱ ሰው የፊቱን ሰልፍ እያየ በልቡ ይቆጥራል፣ ይደርሰኝ ይሆን ወይስ አይደርሰኝም እያለ ስድስት ሰዓት በብርድ ይቆማል። ስድስት ሰዓት ከቆሙ በኋላ ባዶ እጅ መመለስ ቴሌቪዥን ከማጣት ይበልጥ ያማል፤ ሌሊቱም አብሮ እንደተዘረፈ ይቆጠራል።

እኔ ራሴ ይህን አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ቨርጂኒያ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በር ላይ እኩለ ሌሊት ላይ ተሰልፌ ነበር። ሰዉ እንዴት ደግ ነበር! ከፊቴ የቆመ ሰውዬ ቡናውን አካፈለኝ። ልጄን መኪና ውስጥ ላሞቃት ስሄድ ቦታዬን ጠበቀልኝ። ከኋላዬ የነበሩ ሁለት ሴቶች ብርድ ልብስ ዘርግተው ሦስት የማያውቋቸውን ሰዎች አስገብተው ነበር። ከዚያ በሩ ሊከፈት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አሁን የደረሱ ሰዎች በጎን በኩል መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የሱቁ ሠራተኛ አይቷቸው ዝም አለ። አለቀ። ሰልፉ በአንድ ጊዜ ተናደ፣ ቡናውን ያካፈለኝ ሰውዬ በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ፣ እኔም የማላውቃትን ሴት ጀርባ በሁለት እጄ ስገፋ ራሴን አገኘሁት። ገብቼ ዞር ስል መግቢያው ላይ አንዲት ቀይ የልጅ ጓንት ተረግጣ ወድቃለች። የልጄ አልነበረችም፣ የሌላ ሰው ልጅ ናት። እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

ያን ሌሊት ሰዎቹ አልተቀየሩም። የተቀየረው ሰልፉ ነው። ተራህ እንደሚከበር እስካመንክ ድረስ ሰው ነህ፣ ጎረቤት ነህ። ተራህ ሲነጠቅ፣ ነጣቂውንም የሚከለክል ሲጠፋ፣ ያኔ ሁሉም ለራሱ ይሆናል።

"ይህ የአሜሪካኖች አመል ነው" የሚሉም አሉ። አይደለም። እንግሊዝ ታንክስጊቪንግ የሚባል በዓል የላትም። አስዳ የተባለው ሰንሰለት መደብር በ2013 ብላክ ፍራይዴይን ወስዶ አስገባው፤ በ2014 በየሱፐርማርኬቱ በቴሌቪዥን ሽሚያ ፖሊስ እስከመጠራት ተደረሰ፤ በ2015 አስዳ ራሱ ይቅርብኝ አለ። ሳዑዲ አረቢያ፣ ጅዳ ውስጥ ደግሞ በ2004 አዲስ የአይኪያ የቤት ዕቃ መደብር ሲከፈት ቀድመው ለሚገቡት የግዢ ኩፖን ይሰጣል ተብሎ ሰዉ ተሰብስቦ፣ በግፊያው 3 ሰዎች ሞቱ። ሦስት የተለያዩ አገሮች ናቸው። በሁሉም ግን ነገሩ አንድ ነው፤ ጥቂት ዕቃ፣ አንድ በር፣ አንድ ሰዓት።

ተቃራኒውን ለማየት ደግሞ ሩቅ አይሂዱ። አዲስ አበባ ላይ በታክሲ በር ተጋፍተን እንደገባን የምናስታውስ ብዙዎች ነን፤ አሮጊት በክርን እየተገፉ፣ ነፍሰ ጡር ቁጭ ብላ እስኪቀል እየጠበቀች። ዛሬ በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ቢሄዱ ያው ሕዝብ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ፣ ስልኩን እየነካካ፣ ተራውን ጠብቆ ይገባል። ስብከት ሰምቶ አይደለም፤ ሰልፍ ስላለና ጣልቃ የገባውን የሚያስወጣ ተራ አስከባሪና ተሰላፊ ስላለ ነው።

እንግዲህ ልጅዎ። ይልቀቁት፣ ግን አባቱ አብሮ ይሂድ። "ይልመድ" ያለ ሰው አብሮ መቆም አለበት። የቀድሞው ትርምስ እንደቀነሰም ይወቁ፤ ከ2020 ወዲህ ትልልቆቹ መደብሮች ሐሙስ ማታ መክፈቱን ትተዋል፣ ቅናሹንም በሳምንታት ከፋፍለው በኢንተርኔትም ይሸጡታል። ከመሰለፉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ሱቁ የወረፋ ቁጥር ወይም የእጅ ማሰሪያ ያድላል ወይ? የሚያድል ከሆነ ይሰለፍ። የማያድል ከሆነና በሩ ላይ ሰዉ እንደ ክምር ከቆመ፣ ያለ ክርክር ወደ ቤት። ይህንን ከቤት ሳይወጣ ቃል ያስገቡት፤ እዚያ ከደረሰና ሁለት ሰዓት ከቆመ በኋላ ማንም አይሰማዎትም።

"ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሱቅ ለበዓሉ ሰሞን ተቀጥሬ እሠራለሁ። 24 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴም ረዘም ይላል። አለቃዬ 'አንተ ግዙፍ ስለሆንክ አርብ ጠዋት በር ላይ ትቆማለህ' አለኝ። ምንም ሥልጠና አልሰጡኝም። እምቢ ብል ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም ብዬ ልቁም?"

ወንድሜ፣ ዝም ብለህ አትቁም። ደብዳቤህን ሳነብ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ልክ ይህ ነገር ከዚህ በፊት ሆኗል።

ኖቬምበር 28 ቀን 2008 ነው። ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ቫሊ ስትሪም የሚባል ቦታ ያለ ዎልማርት የተባለ ትልቅ መደብር። ሌሊቱን የተሰበሰበው ሰው ወደ 2,000 ይጠጋ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ በሩ በግፊቱ ተሰብሮ ሕዝቡ ፈሰሰ። በሩ ላይ ቆሞ የነበረ አንድ የ34 ዓመት ጊዜያዊ ሠራተኛ ወድቆ ሞተ። ሥራ ከጀመረ ገና ሳምንቱ አካባቢ ነበር። በር ላይ ያቆሙት ግዙፍ ስለነበር ነው። ሕዝብ የማስተናገድ ሥልጠና አልነበረውም። የሞተው አየር አጥሮት መሆኑን ምርመራው አሳየ።

ግዝፈት ለምን እንደማያድን ልንገርህ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ሰው ሲቆም እያንዳንዱ እግሩን የሚያሳርፍበትን ራሱ ይመርጣል። አምስት ሲያልፍ፣ ስድስትና ሰባት ሲደርስ ግን ምርጫ የለም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወዛወዛል፣ አንዱ ሲገፋ ማዕበሉ እስከ ፊት ይደርሳል። ከኋላ ያለው ሰው ፊት ላይ ምን እንደሆነ አያይም። "ትንሽ ጠጋ በሉ" እያለ ነው የሚገፋው፣ ሰው እየገደለ መሆኑን አያውቅም። የመቶ ሰው ትንሽ ትንሽ ግፊት አንድ ላይ ሲደመር ብረት ያጎብጣል። ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚሞተው ተረግጦ ሳይሆን ደረቱ ተጨንቆ መተንፈስ አቅቶት ነው፤ ቆሞ እያለም ጭምር። አንተ ከዚህ ፊት ምንም ያህል ጡንቻ ቢኖርህ አንድ ሰው ነህ።

ከዚያ በኋላ የሠራተኛ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ የሚባለው፣ ዎልማርትን 7,000 ዶላር ቀጣው። ኩባንያው ይህችን ቅጣት ለዓመታት ተከራከረባት። ገንዘቡ እንደማይከብደው ግልጽ ነው፤ የፈራው "ይህ አደጋ አስቀድሞ የሚታወቅ ነበር" መባሉን ነው ብዬ አምናለሁ። ኦሻ ለመደብሮች በሙሉ መመሪያ አወጣ። ለአለቃህ የምታሳየው ይህንን ነው። ሰልፉን የሚይዙት አጥሮች በሩ ሥር ሳይሆን ከበሩ ራቅ ብለው ይጀምሩ፣ ሰልፉም እየተቆራረጠና እየታጠፈ ይሂድ፣ የኋላው ግፊት ፊት እንዳይደርስ። ሰዉ ቀድሞ ቁጥር ወይም የእጅ ማሰሪያ ይሰጠው። በጣም የሚፈለገው ዕቃ አንድ ቦታ አይከመር፣ በየጥጉ ይበተን። ጋሪዎች መግቢያው ላይ አይቁሙ። በር ላይ የሚቆመው የሠለጠነ ሰው ይሁን፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድም ይኑር። ይህ ሁሉ ምን ያህል ያስወጣል? ገመድ፣ ወረቀት፣ ጥቂት ሰው።

እንዲህ አድርግ። መመሪያውን አትመህ ወደ አለቃህ ሂድ፣ በቁጣ ሳይሆን "ይህን አይቼ ነው፣ የእኛ ዕቅድ ምንድነው?" ብለህ ጠይቅ። ንግግራችሁን በዚያው ቀን በኢሜል ወይም በጽሑፍ መልዕክት ድገመው፣ ማስረጃ ይሆንሃል። መልስ ካጣህ ለኦሻ በ1-800-321-6742 ደውል። ስለ ደኅንነት ስለጠየቅክ ቢያባርሩህ ወይም ሰዓት ቢቀንሱብህ ሕጉ ይከለክላል፤ አቤቱታውን ግን በ30 ቀን ውስጥ ማስገባት አለብህ፣ ይህችን ቀን አትርሳ።

የዚያን ቀን ሕዝቡ ከመጣብህ ደግሞ በሩን በሰውነትህ ለመያዝ አትሞክር። ወደ ጎን ውጣ። መሀል ከገባህ እጆችህን እንደ ቦክሰኛ ደረትህ ፊት አድርግ፣ ለሳንባህ ቦታ ታገኛለህ። ወደ ኋላ አትግፋ፣ ማዕበሉ ጋብ ሲል በሰያፍ እያልክ ወደ ዳር ውጣ። ስልክህ ቢወድቅ፣ ቦርሳህ ቢወድቅ፣ ጎንበስ አትበል።

"ከአዲስ አበባ ነኝ። ለበዓል አንድ ባዛር ሄጄ 'ታላቅ ቅናሽ' ተብሎ ሰዉ የከበበው ቦታ ገባሁ። ሴቶች ጫማ እየተናጠቁ ነበር። እኔም ተናጥቄ ሁለት ጥንድ ይዤ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አንዱ 37 ነው፣ እኔ የማደርገው 39። ሁለተኛው ቀለሙን እንኳ አልወደውም። ስልኬም እዚያው ተሰርቋል። ሞኝ ነኝ?"

አይደለሽም እህቴ። ስለ ብስኩቱ ከላይ የጻፍኩትን እንደገና አንብቢው። በዙሪያሽ ያሉት ሴቶች ስለተናጠቁት ነው እጅሽ የሄደው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚባለው ይኸው ነው። ስለ ስልኩም አዝናለሁ፤ ግርግር ለሌባ ያመቻል፣ ሌባውም ቅናሹን አንቺ በምታውቂበት ሰዓት ያውቀዋል።

ለሚቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ልምከርሽ። የምትፈልጊውን ከነቁጥሩና ከምትከፍይው ዋጋ ጋር ከቤትሽ ሳትወጪ ወረቀት ላይ ጻፊ። ክምሩ ላይ ስትደርሺ አንዱን ዕቃ ይዘሽ ከክቡ ውጪ፣ አምስት እርምጃ ራቂ፣ እዚያ ሆነሽ እይው። ራቅ ስትይ ጫማው እንደገና ጫማ ይሆናል። ይዘሽው ስለወጣሽ ማንም አይነጥቅሽም። ወረቀቱ ላይ ከሌለ መልሺው።

እናቶቻችን ይህንን ያውቁበታል፣ ልብ ብለሽ ከሆነ። የበዓል ዶሮ ሲገዙ ሰው የከበበውን ነጋዴ አይጠጉም። ዞር ዞር ብለው ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ዶሮዋን አንስተው በእጃቸው ይመዝናሉ፣ ደረቷን ዳሰስ አድርገው ያስቀምጡና ይሄዳሉ። ነጋዴው ይጠራቸዋል። ሽንኩርቱንና ቅቤውን ደግሞ የሚችሉት ዋዜማ ሳይደርስ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይገዛሉ።

"ዱባይ እሠራለሁ። እዚህ 'ዋይት ፍራይዴይ' ይሉታል። ለምን ነጭ ሆነ? ደግሞ ስልክ ላይ ስገዛ '2 ብቻ ቀርቷል' ይልና ሰዓት ወደታች ይቆጥራል፣ ልቤ ይመታል።"

አርብ በሙስሊሞች ዘንድ የተከበረ ቀን ስለሆነ "ጥቁር" ማለት ደስ አላለም። ሱቅ ዶት ኮም የተባለው የኢንተርኔት ገበያ በ2014 "ነጭ አርብ" ብሎ ጀመረው፣ ስሙ ተለመደ። በኋላ ድርጅቱን አማዞን ገዛው። "ጥቁሩ" ስምም ከመጀመሪያው የምስጋና አልነበረም፤ የፊላደልፊያ ፖሊሶች በ1950ዎቹና 60ዎቹ በዚያ አርብ ከተማውን ስለሚያጥለቀልቀው ሕዝብና መኪና በምሬት ይሉት የነበረ ነው። ነጋዴዎቹ "ከኪሳራ ወጥተን ወደ ትርፍ የምንገባበት" የሚለውን ትርጉም የሰጡት ከዓመታት በኋላ ነው።

የስልኩ ቆጣሪ ደግሞ ያንኑ የሱቅ በር ግፊያ ኪስሽ ውስጥ ያስገባዋል። የሚገፋሽ ሰው አይታይም እንጂ ግፊቱ አለ። ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አድርጊና ስልኩን ዝጊ። በማግስቱ ክፈችው። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ሲቆጥር ታገኝዋለሽ። ለአገር ቤት የምትልኪው ገንዘብ በምሽት ደቂቃ ቆጣሪ አይወሰን፣ እባክሽ።

"ፍራንክፈርት ነው የምንኖረው። ቅናሹ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?"

አውሮፓ ውስጥ ስላላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት፣ ቅናሽ ብሎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ባለፉት 30 ቀናት ዕቃው የተሸጠበትን ዝቅተኛ ዋጋ ማሳየት አለበት። የተሰረዘው ዋጋ እሱ መሆን አለበት። አሜሪካ ላላችሁ ይህን የመሰለ አገር አቀፍ የ30 ቀን ደንብ የለም፤ ስለዚህ የዕቃውን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ከጥቅምት ጀምሮ ዋጋውን ራሳችሁ ጻፉ። የሞዴል ቁጥሩ ሌላ ቦታ ካልተገኘ ጥርጣሬ ይግባችሁ፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ለዚያ ሰሞን ተብሎ በቀነሰ ጥራት የሚሠራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁላችሁም። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጃንዋሪ 7። የፈረንጆቹ ገና ካለፈ በኋላ፣ ከዲሴምበር 26 ጀምሮ፣ የበዓሉ ሸቀጥ ዋጋ እንደገና ይወርዳል፣ ሱቁም ጭር ይላል። ለልጆቻችሁ የገና ስጦታ የምትገዙ ከሆነ ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ጊዜ አላችሁ። ለምን በኖቬምበር ብርድ እንደምንጋፋ አይገባኝም።

የመጨረሻው ደብዳቤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

"ባለፈው ዓመት ነው። 55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ አንድ ብቻ ቀርቷል። ካርቶኑን እኔ በአንድ ጫፍ ያዝኩት፣ አንዲት ሴት በሌላው ጫፍ። ፊታቸውን አላየሁም፣ ካርቶኑ ጋርዷቸዋል። ጎተትኩ። እሳቸውም ያዙ። በኃይል ስጎትት ለቀቁትና ወደ መደርደሪያው ተንገዳገዱ። ከዚያ 'ይሁን ልጄ፣ ውሰደው' አሉኝ፣ በአማርኛ። ዞር ስል የእናቴ እኩያ ናቸው፣ ከጃኬታቸው ሥር ነጠላ ለብሰዋል። አፌ ተያያዘ። ይቅርታ ሳልል ከፍዬ ወጣሁ። በ220 ዶላር ነው የገዛሁት። ለካ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን፤ እሑድ ሳያቸው በሌላ በር እወጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ነው፣ ሚስቴ ለምን እንደማልሰቅለው አልገባትም። ምን ላድርግ?"

ወንድሜ፣ ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከላይ ስለ ሰልፍና ስለ በር ብዙ ጽፌያለሁ፣ የጻፍኩትንም አልመልስም። አንድ ቴሌቪዥን አስቀምጦ ሁለት ሰው እንዲይዘው የተወው ሱቁ ነው። ካርቶኑን የጎተተው ግን ያንተ እጅ ነው፣ አንተም ይህን ስለምታውቅ ነው በሌላ በር የምትወጣው። ቁርጡን ስለጻፍክልኝ አከብርሃለሁ።

አንድ ዓመት ብዙ ነው፣ ሁለተኛ አይጨመርበት። ዘንድሮ ብላክ ፍራይዴይ ካለፈ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ኅዳር ጽዮን ነው፣ ኅዳር 21። እሳቸው እንደሚመጡ ገምት። ቅዳሴው ሲያልቅ ፈልጋቸው። ሚስትህ ትኑር፣ ከዚያ በፊት ግን ለእሷ ንገራት፤ እሳቸው ፊት እንድትሰማው አታድርግ። ሰው በተሰበሰበበት አትናገር፣ ያሳፍራቸዋል፣ ገለል ብላችሁ። "ግርግር ነበር" አትበል፣ "አላወቅኩዎትም" አትበል። አላወቅኩዎትም ስትል ባውቅዎት ኖሮ አልጎትትም ነበር ማለትህ ነው፤ የማታውቃት ሴት ብትሆንስ? "ያን ቀን ጎትቼብዎታለሁ፣ ገፍትሬዎታለሁ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ ሄድኩ" በል። ጎናቸው ላይ ተመትተው እንደነበር ጠይቅ፣ ጀርባቸውን አሟቸው እንደሆነም። ይህን መጠየቅ ትፈራለህ፣ ጠይቅ።

ቴሌቪዥኑንስ? አቅርብላቸው፣ ግን ይቅርታውን ከተናገርክና መልሳቸውን ከሰማህ በኋላ፣ በሌላ ቀን ይሁን። አንድ ላይ ካደረግከው ዕዳ የምትከፍል ይመስላል። ለልጅ ልጆቻቸው ይሁን፣ ለራሳቸው ይሁን፣ ለምን ፈልገውት እንደነበር አላወቅህም፣ ምናልባት ይነግሩሃል። "አልፈልገውም" ካሉህ አታስጨንቃቸው። "አምጣው" ካሉህ ተሸክመህ ሂድ፣ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለህላቸው ና።

ደብዳቤህ ላይ የቴሌቪዥኑን ስፋት ጽፈሃል፣ ዋጋውን ጽፈሃል። ስማቸውን ግን አልጻፍክም። የሚያውቃቸው ሰው ጠይቅና ከኅዳር ጽዮን በፊት ስማቸውን ያዝ።